ጥርስ ለማቃናት ስንት ጊዜ ጎንደር?

በአማርኛ ስለ ጥርስ የሚሰጥ ፍርድ ፈጣን ነው። የላይኛው የፊት ጥርሷ መሃል ክፍተት ያላት ልጅ «ፍንጭት» ተብላ ትሞገሳለች፤ ጥርሷ ወደ ፊት የወጣ ደግሞ «ገጣጣ» ትባልና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና መሳቅ ትለምዳለች። የላይ ጥርሶች ወደ ፊት ሲያዘነብሉ እርስ በርስ ይራራቃሉና ሁለቱ ባንድ አፍ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ያችው አንዲት ልጅ ስትሞገስም ስትሰደብም የምትውልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ገጣጣ ጥርስን ማቃናት ይቻላል፤ መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። የሕክምና መጻሕፍት አማራጮቹን በመንጋጋው ቅርጽና በታካሚው ዕድሜ ይደረድሯቸዋል። እኔ ግን የምመለከታቸው መተማ ዮሐንስ ላይ ቆሜ ነው፤ ከዚህ ሲታዩ ተራቸው ይቀያየራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው የወደቁባት፣ ስማቸውንም የወረሰችው ይህች ከተማ ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በፊት በፊት አቅም ያለው በሽተኛ ከድንበሩ ማዶ በሱዳን በኩል ያለችውን ጋላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍና ካርቱም ይታከም ነበር። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ ጉዞው ተገለበጠና ሱዳናውያን ራሳቸው በመተማ በኩል እየተሰደዱ ገቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የጎንደሩ መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ሲከፈትም በስጋት የሚኬድበት ሆኗል። ስለዚህ ከዚህ የተነሳ ሰው ስለ እያንዳንዱ ሕክምና አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ስንት ጊዜ ያስጉዘኛል?

መጀመሪያ ግን በሽታውን በስሙ እንለየው። ገጣጣ የምንለው የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ርቀው ወደ ፊት ሲወጡ ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለው ርቀት የጤናማ አፍ ነው፤ ችግሩ ከዚያ ሲያልፍ ይጀምራል። ሌላው ዓይነት ሰው ዓይን ውስጥ የማይገባው ጥልቅ ንክሻ ነው። አፍ ሲገጠም የላይኞቹ የታችኞቹን ከሲሶ በላይ ይሸፍናሉ፤ ሲብስም የታችኞቹ ጫፍ ላንቃን እየወጋ ያቆስላል። ጥልቅ ንክሻ ያለበት ሰው ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ያማረ ሊመስል ስለሚችል ማንም አይሰድበውም፣ ማንም ሐኪም ዘንድ ሂድ አይለውም። እንደ እኔ ከሁለቱ ቸል ሊባል የማይገባው ይሄኛው ነው፤ ላንቃን ያቆሰለ ንክሻ ድድን ከጥርስ ሥር እየገፈፈ፣ ጥርስን በጥርስ እየሞረደ ይሄዳልና።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠምን በሦስት ክፍል መድቦ ነበር፤ ምድቡ እስካሁን ይሠራበታል። የእኛ ገጣጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በሁለተኛው ክፍል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በዚህ ክፍል ያለው ጥፋት ብዙውን ጊዜ የላይ ጥርስ መውጣት ሳይሆን የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ መቅረት ነው። አገጩ ገባ ያለ ልጅ ጥርሱ የገጠጠ ይመስላል። ሕክምናው የላዩን ወደ ኋላ መሳብ ነው ወይስ የታቹን ወደ ፊት ማምጣት የሚለው ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መንስኤው በከፊል ውርስ ነው፤ አባቱ ገጣጣ የሆነ ልጅ ቢገጥጥ አይገርምም። ቋሚ ጥርስ ከበቀለ በኋላም የቀጠለ ጣት መጥባት፣ በአፍ መተንፈስና ምላስን በጥርስ መሃል መግፋት ይጨመሩበታል። በእኛ አገር ግን በውጭ መጻሕፍት እምብዛም የማይጻፍ መንስኤ አለ፤ እሱም ግግ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፣ ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ ድዱን አሳብጦት ሲታይ «ግግ ነው» ይባልና በስለት ፈልቅቆ የሚያወጣ ሰው ይፈለጋል። እንጥል የሚቆርጠውና ግግ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች መካከል በብዙዎቹ የወተት ክራንቻ አለመኖሩን የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈውታል። ከሥሩ የነበረው ቋሚ ጥርስም በአንዳንዶቹ ተጎድቶ ነበር። ከንክሻ ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው፦ የታችኛው ክራንቻ ያለጊዜው ሲጠፋ አራቱ የታች የፊት ጥርሶች ድጋፍ አጥተው ወደ ምላስ ያዘነብላሉ፤ ከላይኞቹ ጋር ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ንክሻውም ይጠልቃል። ተቅማጡን ደግሞ ግግ ማውጣት አያቆመውም፤ የሚያስፈልገው በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ኦአርኤስ ነው። ምንም ጉዞ ሳያስወጣ ገጣጣነትን ከሚቀንሱ ነገሮች አንዱ እንግዲህ ስለቱን ከሕፃኑ አፍ ማራቅ ነው።

ልጅ ላይ መቼ ይጀመር? በዚህ ጥያቄ የሙያው ሰዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። አንዱ ወገን በ7 ወይም በ8 ዓመት ጀምረን በኋላ በጉርምስና እንጨርሰው ሲል ሌላው ጉርምስናን ጠብቀን ባንድ ጊዜ እንጨርሰው አለ። ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያደሰው ግምገማ የጠበቁትን የሚደግፍ ነው። ቀድመው የጀመሩት በመጨረሻ የተለየ ውጤት አላገኙም፤ የጠቀማቸው አንድ ነገር ቢኖር የፊት ጥርሳቸው በአደጋ የመሰበር ዕድሉ መቀነሱ ነበር። ይህን ጥቅም መናቅ አይገባም፤ ርቀቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያለፈ ልጅ ጥርሱ በመውደቅ ወይም በመጋጨት የመጎዳት ዕድሉ እጥፍ ያህል ነው። አህያ ላይ ጀሪካን ጭኖ የሚሮጥ፣ በድንጋይ ላይ ኳስ የሚያባርር የቆላ ልጅ ላለው ወላጅ ቁጥሩ ትርጉም አለው። ቢሆንም ሁለት ዙር ሕክምና ሁለት ዙር ጉዞ ነው። ጥርሱ በጣም ካልወጣ ወይም ልጁ በእኩዮቹ ስድብ ትምህርት ቤት እስከ መጥላት ካልደረሰ ከመተማ ያለ ቤተሰብ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ጠብቆ በጉርምስና የሚጀመረው ሕክምና ውስጥ ለእኛ መንገድ የሚስማማው፣ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠረው «ትዊን ብሎክ» ይመስለኛል። አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች የሚሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች ናቸው። ልጁ ሲነክስ ተዳፋቶቻቸው እየተገጣጠሙ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት እንዲያወጣ ያስገድዱታል። ሲበላም ሲተኛም አይወልቅም፤ ለመታጠብ ብቻ ይወጣል። ሴት ልጅ በ10 እና በ12፣ ወንድ ልጅ በ12 እና በ14 ዓመት መካከል ቁመት ሲመዝዙ ቢደረግ ጥሩ ይሠራል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ውስጥ ርቀቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ቀጠሮውም በስድስትና በስምንት ሳምንት አንዴ ቢሆን ይበቃል። ጎንደር ሰባት ጊዜ ያህል መመላለስ ማለት ነው።

ሆኖም «መንጋጋ ያሳድጋል» ተብሎ የሚነገርለት ከልክ በላይ ነው። ጥናቶቹ ሲመዘኑ አብዛኛው ለውጥ የጥርስ ማዘንበል ሆኖ ይገኛል፤ አጥንቱ ያደገው ጥቂት ነው። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ይኮላተፋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ከክፍል ጓደኛ የሚደርስበትም ይታወቃል። ብዙ ልጅ የሚያቋርጠው ያኔ ነው። ከጎንደር ተመልሶ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ትዊን ብሎክ ምንም አያቃናም።

ማንገቻውን አንገት ላይ አስሮ የላይ መንጋጋን የሚስብ ሄድጊር የሚባል መሣሪያም አለ። በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሚያዝያ፣ ሌሊት አንገቱ ላይ ቀበቶ ታስሮ የሚተኛ ልጅ ካለ እሱ ሌላ ነው። ከጥርስ ጋር ተጣብቆ የሚቀመጠው፣ ጀርመናዊው ኤሚል ኸርብስት ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው መሣሪያ የልጁን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ሲሰበር ለጥገና ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ሁለቱንም አልፋቸዋለሁ።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ ከተማ ውስጥ «ጥርሱን አሠረ» ሲባል የሚታሰበው ብሬስ፣ ማለትም በየጥርሱ በተለጠፉ ብራኬቶች ላይ የሚታሠረው ሽቦ ነው። ሙያው ኦርቶዶንቲክስ ይባላል። የግሪኩ «ኦርቶስ» በግዕዝ «ርቱዕ» ነውና ኦርቶዶክስ ርትዕት ሃይማኖት ከሆነች ይህ ደግሞ ርቱዐ ጥርስ መሆኑ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ጾም አላቸው። ብሬስ ያሠረ ሰው ከቆሎ፣ ከሸንኮራ፣ ከማስቲካና ከአጥንት መጋጥ ይጾማል፤ ጥርስ ላይ የተለጠፈችው ብራኬት በአንድ ፍሬ ቆሎ ትላቀቃለች። እርድ የበዛበት አልጫ ሽቦውን የያዙትን ላስቲኮች ቢጫ ያደርጋቸዋል። ሰሊጥ እዚህ ምርትም መክሰስም ነው፤ ከሽቦው ሥር ከገባ ግን በመፋቂያ አይወጣም። መፋቂያ የጥርሱን ፊት በደንብ ይጠርጋል፣ በብራኬትና በድድ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ግን አያገኛትም። ቀጭን ብሩሽ ግድ ነው።

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ችካል የተቸከለ አይደለም፤ በቀጭን ጅማት ተይዞ የቆመ ነው። ሽቦው ሲገፋው በተገፋበት በኩል አጥንት እየተሸረሸረ፣ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት እየሞላ ይሄዳል፤ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ኃይሉን ቢጨምሩት ሥሩን ይበላል እንጂ አይፈጥንም። በገንዘብ የማይገዛው ጊዜ ይህ ነው። ለመካከለኛ ገጣጣነት ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት፣ በአራትና በስድስት ሳምንት ልዩነት አንዳንድ ቀጠሮ ይያዛል። ሁለት ዓመት ቢሆን በትንሹ 17፣ ቢበዛ 26 ጉዞ ይመጣል። 20 ብለን በደርሶ መልስ 400 ኪሎ ሜትር ብናባዛው 8,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አዲስ አበባ አራት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ አብሮ የሚሄደው ወላጅ የሚያጣው የሥራ ቀን ሲደመር ወጪው ከብሬሱ ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል። ለውበት የሚደረግ ሕክምና በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አይሸፈንም፤ ስለዚህ ሁሉም ከኪስ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ጥርስ በማቃናት ብቻ የሠለጠነ ስፔሻሊስት ግን በአገሪቱ ጥቂት ሲሆን አብዛኛውም አዲስ አበባ ነው። የዋና ከተማውን ቀጠሮ ለያዘ ሰው ከላይ ያለው ስሌት ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል።

መንገዱን የሚያሳጥር ነገር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ከኒኬልና ከቲታኒየም የተሠራው ሽቦ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ላቦራቶሪ ለሌላ ዓላማ የተገኘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ጥርስ ገባ። ታጥፎ ወደ ቅርጹ የሚመለስ በመሆኑ ቀስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ይገፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀጠሮውን ወደ ስምንት ሳምንት ማራቅ የሚቻለውም በእሱ ምክንያት ነው። ከሩቅ የመጣ ታካሚ ይህን ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ የከተማ ሰው ቀጠሮ ይሰጠዋል።

ገጣጣነቱ ብዙ ከሆነና መንጋጋው ማደጉን ካቆመ፣ ሐኪሙ ከላይ ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ነቅሎ በሚገኘው ቦታ የፊቶቹን ወደ ኋላ ለመሳብ ሊያቅድ ይችላል። ቤተሰብ የሚቃወመው እዚህ ላይ ነው፤ «ጤነኛ ጥርስ ለምን ይነቀላል?» ይላል፣ የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይደክማል የሚል የቆየ ፍርሃትም አለ። የዓይኑ ነገር መሠረት የለውም። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ አገጩ ገባ ያለ ሰው ላይ የላይ ጥርስን አብዝቶ መሳብ ከንፈሩን ሊያሰምጠውና ፊቱን ሊያጠፈጥፈው ይችላል። ሐኪሙ በራጅ አሳይቶ ማስረዳት አለበት።

የፍንጭትም ነገር ያለው እዚህ ነው። የወጡ ጥርሶች ወደ ኋላ ሲሰበሰቡ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አብሮ ይዘጋል። በውጭ አገር የሠለጠነ ወይም በውጭ መጻሕፍት የተማረ ባለሙያ ክፍተቱን ጉድለት ነው ብሎ ሊደፍነው ይችላል። ታካሚዋ ፍንጭቷን ከፈለገችው ሽቦው ከመታሠሩ በፊት መናገር አለባት፤ መተው ይቻላል። በተረፈ ግን ክፍተቱን ልዝጋ ብሎ ሁለት ጥርስ ላይ የገንዘብ ላስቲክ የሚያስር ወጣት ጥርሶቹን ሊያጣ ነው። ላስቲኩ በሥሩ ላይ እየተንሸራተተ ከድድ ውስጥ ይሰወርና ጥርሱን ነቅሎ ይጥለዋል።

ከብሬስ አደጋዎች ሁሉ ለዚህ አካባቢ የሚያሰጋው ግን ሳያልቅ መቆሙ ነው። ሽቦ በአፉ ይዞ መንገድ የተዘጋበት ሰው ለወራት ያለ ክትትል ይቆያል፤ በብራኬቱ ዙሪያ ጥርሱ ነጭ ጠባሳ ያበጃል፣ ድዱ ያብጣል፣ ሽቦው ደግሞ ማንም ሳያየው መግፋቱን አያቆምም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ክሊኒኮችን ሲዘጋ የሰለጠነው ዓለምም ይህን ቀምሶታል፤ በጊዜው ለታካሚዎች የተሰጠው ምክር ለእኛም ይጠቅማል። ከላይ ወደ ታች የሚሳብ ላስቲክ ካለቀ ወይም ከተበጠሰ መተው፣ የወጋ የሽቦ ጫፍን ሐኪሙ በሚሰጠው ሰም መሸፈን፣ በብሩሽ ማጽዳቱን ማጥበቅ። ሰሙን በመጀመሪያው ቀን ተርፎ እስኪቀመጥ ድረስ መጠየቅ ነው። የመንገዱን ጸጥታ የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ሐኪሙን «ብዘገይ ጥርሴን የማይገፋ ሽቦ ይታሠርልኝ» ሊለው ይችላል።

ግልጹ ፕላስቲክ ለዚህ ሁሉ መፍትሔ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው አላይን ኩባንያ «ኢንቪዛላይን» ብሎ ያወጣው ይህ ሕክምና ጥርሱ በኮምፒውተር ታቅዶ በተከታታይ ፕላስቲኮች የሚገፋበት ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል፤ ብዙ ጥንድ ባንድ ጊዜ ይዞ መሄድ ስለሚቻል ጉዞው ያንሳል። ብርቱ ጎኑ ይህ ነው። ደካማው ደግሞ በቀን 22 ሰዓት ካልተደረገ አለመሥራቱ፣ ጥልቅ ንክሻን ለማንሳት ከሽቦ መድከሙና ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ፕላስቲክ ቅርጹን ይለቃል። ሳይታይ በፖስታ የሚላክም ነበር፤ «አሜሪካ ያለው ወንድሜ ያስልክልኛል» የሚል ሰው ቢኖር፣ በዚያ ንግድ የታወቀው ስማይል ዳይሬክት ክለብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ተዘግቶ ደንበኞቹን ከመሃል እንደጣላቸው ይወቅ።

መንጋጋው በጣም ወደ ኋላ የቀረበት አዋቂ ሌላ በር ይቀርለታል፤ ቀዶ ሕክምና ነው። የስዊዘርላንዱ ሁጎ ኦብቬገሰር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባሳየው ዘዴ የታችኛው መንጋጋ በሁለቱም ጎን ተሰንጥቆ ወደ ፊት ይገፋና በብሎን ይታሠራል። የሚደረገው እድገት ከቆመ በኋላ ሲሆን የታችኛው ከንፈር መደንዘዝ ሊያስከትል፣ ለአንዳንዱም ሳይለቀው ሊቀር ይችላል። ሰው «አንዴ ተቀድጄ ልገላገል» ብሎ ሲያስበው አንድ ጉዞ ይመስለዋል። አይደለም፤ ከቀዶው በፊትም በኋላም ብሬስ ያስፈልጋል። የፊት ገጽታው በእውነት ለሚያሠቃየውና ለማኘክ ለሚቸገር ሰው ይገባዋል። ከዚያ ለሚያንስ ጉዳይ እኔ አልመክርም።

ምንም አለማድረግም ከአማራጮቹ አንዱ ነው፤ በሕክምና ዳሰሳዎች ውስጥ ቦታ የማይሰጠው ግን ማንም ስለማይከፈልበት ይመስለኛል። ርቀቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ላንቃው ያልቆሰለ፣ የሚያኝክ፣ የሚስቅ የሠላሳ ዓመት ሰው ገጣጣ መባሉን ተሸክሞ ቢኖር ጥርሱ ምንም አይሆንም። ገንዘቡን ለልጁ ቢያውለው ይሻላል። ጥልቅ ንክሻው ላንቃውን ያቆሰለ ሰው ግን ጉዞው ቢከብድም መታየት አለበት፤ አንዳንዴ የላይ የፊት ጥርሶቹን ከኋላ የሚደግፍ ትንሽ ፕላስቲክ ብቻ ቁስሉን ያስታግሳል።

መቼ ይጀመር ለሚል ሰው፣ እዚህ አገር የገንዘቡም የመንገዱም ወቅት አንድ ነው። ሰሊጡ ኅዳር ድረስ ይታጨዳል፣ ሳሉግ የሚባለው የወቅት ሠራተኛ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ደጋ ይመለሳል፣ ገበሬው ታኅሣሥ ላይ እጁ ይፈታል። ጥር ላይ የጀመረ ሰው ክረምቱ ገብቶ ከየእርሻ ጣቢያው የሚያወጣው መንገድ በዋልካ ጭቃ እስኪያዝ ድረስ አምስት ወር ያህል ያገኛል። ብዙ ሽቦ መቀየር ያለበትም በእነዚያ ወራት ነው።

ብሬሱ ሲፈታ ሥራው አላለቀም። የተቃና ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፤ በሲያትል ታካሚዎችን ከአሥር ዓመት በላይ የተከታተሉ ሐኪሞች በብዙዎቹ የታች ጥርሶች እንደገና መዛነፋቸውን አይተዋል። ስለዚህ ሪቴይነር የሚባለው መያዣ በመጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ይደረጋል። ከጥርስ ጀርባ የሚጣበቅ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ማንም ሳያየው ሲላቀቅ ነው ችግሩ። የሚወልቀው ፕላስቲክ ደግሞ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ውሻ ያኝከዋል። ለዚህ ሐኪሙ የመጨረሻ ቀን ላይ የጥርስ ልክ ወስዶ በጂፕሰም ያወጣውን ቅርጽ ጠይቆ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ይጠቅማል። በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሪቴይነሩ በጠፋ ሰሞን፣ ጥርሱ ሳይንቀሳቀስ፣ ያንን ነጭ ጥርስ ለሚያውቁት ሹፌር ሰጥቶ ጎንደር መላክ ይቻላል። አዲሱ መያዣ በእሱ ላይ ተሠርቶ በተመላሽ ሚኒባስ ይመጣል፤ ባለጥርሱ ግን ኬላውን ሳያልፍ መተማ ሻዩን ይጠጣል።